በላንቴ ሙቀት ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር

የጌም ኮምፒውተር ስለመገጣጠም የሚነገረው ምክር አብዛኛው የታሰበው ክፍሉ ሃያ ዲግሪ አካባቢ ለሆነ፣ መብራቱም ለማይሄድበት ሰው ነው። እኔ የምኖረው ላንቴ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ፣ በሙዝና በማንጎ መሐል። የካቲትና መጋቢት ላይ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 33 ዲግሪ ያሳያል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ከዚህም ያልፋል። በዚህ አየር ኮምፒውተር ላፍጥን ብሎ የሚነሳ ሰው ከሁሉ በፊት ሙቀቱን የት እንደሚያደርሰው ማሰብ አለበት። ለዚህም ነው ቆላ ላይ ትክክለኛው ኦቨርክሎክ የሚጀምረው ቮልቴጅ ከመቀነስ ነው ብዬ አጥብቄ የምከራከረው።

ሥራዬ አይሲቲ ማስተማር ነው። ተማሪዎቼ ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወርደው ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ ይጫወታሉ፤ ሰኞ ሲመለሱ ጥያቄው አይቀርም፦ "ቲቸር፣ እቤት ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ከምን ይሠራል?" መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ቢሮ ካገለገለ ኮምፒውተር።

የእኔው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር የምናየው፣ ውጭ አገር አገልግሎ ወደ አገራችን የሚገባው ዓይነት ጥቁር ሳጥን። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590፣ አራት ኮር ያለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርትዝ ሆኖ ሲያስፈልግ እስከ 3.7 የሚደርስ ነው። የዚህ ሳጥን ችግር ፓወር ሰፕላዩ ነው። 290 ዋት ብቻ ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሰካ ትርፍ ገመድ የለውም። በሌላ ልቀይረው ቢሉም ማዘርቦርዱ የሚቀበለው መሰኪያ ከተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሚለይ አስማሚ ገመድ መፈለግ ይመጣል። ስለዚህ የሚያዋጣው ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፦ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 75 ዋት፣ አብዛኞቹ ሞዴሎችም ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም።

ካርዱን ያመጣልኝ አጎቴ ነው። ሙዝ በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ሲያደርስ መርካቶ ወርዶ ገዛልኝ፤ በፎጣ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ እግሩ ሥር አድርጎ አመጣው። ሲያስረክበኝ እያገላበጠ አየውና "ይህቺ ናት ያን ሁሉ ብር የበላችው?" አለኝ። አዎ፣ እሷ ናት። በጌም ኮምፒውተር ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚገባው እዚያ ላይ ነው፤ ሥዕሉን የምትሠራው እሷ ናትና።

ከካርዱ ቀጥሎ በትንሽ ብር ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ራም ነው። ባለ 8 ጊጋባይት አንድ ራም ከመሰካት ባለ 4 ጊጋባይት ሁለት መሰካት ይሻላል። ዲዲአር3-1600 አንዱ ብቻውን በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ እስከ 25.6 ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ይህን መንገድ ስለሚጠብቅ ጌም ውስጥ የሚሰማው መንተፋተፍ በግልጽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማፍጠኑ እንግባ። ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ወይም ካርዱን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። ፋብሪካው አንዱን ሞዴል በሙሉ በአንድ ቁጥር ቢሸጠውም፣ እያንዳንዱ ቺፕ አቅሙ ይለያያል፤ ለደካማው ይበቃል የተባለው ፍጥነት ለጠንካራው ትርፍ ይተውለታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ታዋቂው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ ነው። ርካሽ ፕሮሰሰር ነበር፤ የማዘርቦርዱን ባስ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርትዝ ከፍ ሲያደርጉት ግን ከ300 ተነስቶ 450 ሜጋኸርትዝ ይሮጥ ነበር። ይህ ደግሞ በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጠው የፔንቲየም 2 ፍጥነት ነው። ዛሬ ኢንቴል ይህን በር ጠበብ አድርጎታል፤ በአብዛኛው ስማቸው መጨረሻ ላይ "ኬ" ያለባቸው ፕሮሰሰሮች ብቻ ይከፈታሉ። የእኔው 4590 ዝግ ነው። የግራፊክስ ካርዱ ግን ክፍት ነው፤ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁሉንም ያስነካል።

ለውድድር የሚያፈጥኑ ሰዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ኮር አይ9-13900ኬን በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዘው ከ9 ጊጋኸርትዝ አሳልፈውታል። ያ ለደቂቃዎች የሚሠራ ድንቅ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን እሑድ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ሙሉ የማይሰለች ማሽን ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሕግ አለ። ቺፕ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ያድጋል። የበላው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ካርዴ ከፋብሪካ በመጣበት ሁኔታ 1.05 ቮልት አካባቢ ይጠቀም ነበር። ይህ ወደ 0.90 ቢወርድ፣ በዚያው ፍጥነት ቺፑ ለሥራው የሚበላው ኃይል ከመቶ ወደ ሰባ ሦስት ገደማ ይወርዳል። ከሩብ በላይ ሙቀት ሳይፈጠር ቀረ ማለት ነው።

ሙቀት ሲበዛስ ምን ይሆናል? የዚህ ትውልድ የኤንቪዲያ ካርዶች ቺፑ እየሞቀ በሄደ ቁጥር 13 ሜጋኸርትዝ ገደማ እያሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በዚያ ላይ የ75 ዋቱ ጣሪያ አለ። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ ሞተሩ እንዳይግል ማርሽ እንደሚቀንሰው ማለት ነው፤ ሾፌሩ ነዳጅ ቢረግጥም ትርፉ ሙቀት ነው። በላንቴ ከሰዓት የእኔ ካርድ ከ1,740 ወደ 1,620 ሜጋኸርትዝ እየወጣ እየወረደ ይዋልል ነበር፤ ሙቀቱም 78 ዲግሪ። እንዲህ ባለ ካርድ ላይ ተጨማሪ ፍጥነት መጠየቅ ከንቱ ነው።

ያደረግሁት ይህን ነው። አፍተርበርነርን ከፍቼ ኮንትሮልንና ኤፍን አንድ ላይ ስጫን ግራፍ ይመጣል፤ አግድሙ ቮልቴጅ፣ ሽቅቡ ፍጥነት። 0.90 ቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ በማውሱ ይዤ ወደ 1,700 ሜጋኸርትዝ ከፍ አደረግኋት፤ ከእሷ በስተቀኝ ያሉትን ነጥቦች በሙሉ ከ1,700 እንዳይበልጡ አወረድኳቸው። በሌላ አነጋገር ካርዱን "በዚህ ቮልቴጅ ይህን ፍጥነት ስጠኝ፤ ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ" አልኩት። ከዚያ ዩኒጂን ሄቨን የሚባለውን ፈተና ከፍቼ ተውኩት። ቮልቴጁ ሲያንሰው ካርዱ ይናገራል፦ ስክሪኑ ላይ የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ ወይም ፕሮግራሙ ተዘግቶ ይቀራል። ያን ጊዜ ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ እንደገና መፈተን ነው። የእኔው በ1,700 ጸና። ሙቀቱ፣ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ታስሮ፣ ከ78 ወደ 68 ዲግሪ ወረደ። ፍጥነቱም አልዋለለም።

ጨንቻ ዘመድ ጥየቃ ስወጣ ሳጥኑን ይዤው ሄጃለሁ። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ላንቴ ያለችው ከ1,200 ብዙ በማይርቅ ከፍታ ላይ ነው። ክፍሉ 16 ዲግሪ ነበር። ፋን ካርድን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ ስለማይችል፣ የክፍሉ ሙቀት 17 ዲግሪ ሲቀንስ ካርዱም 17 ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ከፋብሪካ በመጣበት ሁኔታ ላይ መልሼ ስለካው ግን 78 የነበረው 65 ሆነ፤ የወረደው 13 ብቻ ነው። አራቱን ዲግሪ የወሰደው የአየሩ መሳሳት ነው። በጨንቻ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል 28 በመቶ ያህል ያንሳል፤ በላንቴ ከፍታ 13 በመቶ አካባቢ። ፋኑ ያው ፋን ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ግን ቀጭን ነው። ደጋ ላይ ለምትኖሩ አንባቢዎች፦ ብርዱ ይረዳችኋል፣ ከፍታው ግን ከፊሉን ይመልስባችኋል።

ቤንችማርክ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አማካዩን ነው፤ "ስንት ኤፍፒኤስ?" በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ሥዕል በ16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳል ማለት ነው። ነገር ግን ከመቶ ሥዕሎች አንዱ ዘግይቶ ቢደርስ ዓይን የሚያየው እሱን ነው። ጂቲኤ 5 በተባለው ጌም የራሱ ፈተና ላይ ካርዱ እንደመጣ አማካዩ 61 ነበር፤ ዝቅተኛው አንድ በመቶ ግን 39። ቮልቴጁን ከቀነስኩ በኋላ አማካዩ 62 ብቻ ሆነ፤ ዝቅተኛው 45 ደረሰ። በወረቀት ላይ አንድ ፍሬም ነው የተጨመረው። መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ስክሪኑ አይያዝም፣ እጅም አይሳሳትም።

ቁጥሩ እውነት እንዲሆን ጥቂት ልማድ ይፈልጋል። ፈተናው ከመመዝገቡ በፊት ማሽኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ የቀዘቀዘ ካርድ የሚሰጠው ቁጥር ለከሰዓቱ ጨዋታ አይሆንም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን የክፍሉ ሙቀት ይጻፍ። በእኛ አገር ደግሞ የመብራቱ ቮልቴጅም ይጻፍ።

ስለ መብራቱ። ማታ ሁሉም ሰው ሲያበራ መልቲሜትሬ 180 ቮልት ያሳየኛል፤ 220 መሆን የነበረበት። የዚህ ሳጥን ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል አይጠፋም፤ ያነሰውን ቮልቴጅ ብዙ ከረንት በመሳብ ያካክሰዋል። ገመዱና ማከፋፈያው ግን ስለሚሞቁ የሳሳ ማከፋፈያ ላይ መሰካት አደጋ አለው። ዕቃ የሚገድለው ከሁሉ በላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ምንም ብር አይጠይቅም። ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ባትሪውን ከሳጥኑ የሙቅ አየር መውጫ ያርቀው፤ የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ሳጥኑን ስከፍተው የማገኘው አቧራ ብቻ አይደለም። ማታ የስክሪኑ ብርሃን ከሐይቁ በኩል ትንኝ ይስባል፤ ፋኑ ይውጣቸውና በካርዱ የአሉሚኒየም ክንፎች መሐል ደርቀው፣ ከአቧራው ጋር ተጋግረው እንደ ጨርቅ ይጋረዳሉ። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይነሣሉ፤ ሲጠረግ የፋኑን ምላጭ በጣት መያዝ ያስፈልጋል። ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሁሉ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ተርማል ፔስት መቀየር አለበት። የእኔው ስከፍተው እንደ ኖራ ደርቆ ይረግፍ ነበር። አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አዲስ ማድረግ በቂ ነው።

ያገለገለ ካርድ ለሚገዛ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ ይሥራ፤ ዴስክቶፑን ማየት አይበቃም። ሄቨንን ወይም ፈርማርክን በፍላሽ ይዞ ሄዶ ለሃያ ደቂቃ ማስሮጥ ነው። የሙቀቱ ቁጥር መውጣቱን አቁሞ አንድ ቦታ ሲረጋ ይታያል፤ ካልረጋ ፔስቱ አልቋል ወይም ፋኑ ደክሟል። ጆሮን ወደ ፋኑ ጠጋ አድርጎ መስማት፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መፈለግ፣ የካርዱን ስም ጂፒዩ-ዜድ በሚባለው ፕሮግራም ማረጋገጥ፤ ስሙ በሶፍትዌር ተቀይሮ የሚሸጥ ደካማ ካርድ አለና። ሻጩ ሃያ ደቂቃውን ካልፈቀደ ካርዱን መልሶ ወደሚቀጥለው ሱቅ መግባት ነው።