ከደም ንክኪ በኋላ ያሉት 72 ሰዓታት

በጦር ሜዳ የሕክምና ጣቢያና በጦር ሆስፒታል የሚያገለግሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የሕክምና ረዳቶች የቁስለኛን ነፍስ ለማትረፍ ሲፋጠኑ ራሳቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ። ቁስለኛው በዝቶ ብርሃኑ ባነሰበት ሰዓት መርፌ እጅን ይወጋል፤ የተሰበረ አጥንት ጓንትን ይቀዳል፤ ደም ወደ ዓይን ይረጫል። ይህ የደረሰበት ሰው በኤች አይ ቪ እንዳይያዝ የሚረዳ የድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ ሕክምና አለ።

አስቀድመን ልናስገነዝብ የምንወደው፣ መርፌ የወጋው ሁሉ በቫይረሱ ይያዛል ማለት እንዳልሆነ ነው። ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች መካከል፣ መድኃኒት ባይወስዱ እንኳ፣ የሚያዙት በአማካይ 3 ያህል ናቸው። ደም ወደ ዓይን ወይም ወደ አፍ ሲገባ ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል። ይሁን እንጂ መከላከል የሚቻለውን አደጋ አነስተኛ ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

አደጋው እንደደረሰ የተወጋውን ስፍራ በውኃና በሳሙና፣ ዓይንን በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ቁስሉን መጭመቅ፣ በረኪና ማፍሰስም ሥጋን ከመጉዳት በቀር አይጠቅምም። ከዚያም ለኃላፊ አሳውቆ መድኃኒቱን ቢቻል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይም 72 ሰዓታት ሳያልፉ መጀመር ነው። ቫይረሱ ወደ መላ አካል የሚሰራጨው በገባበት ስፍራ ጥቂት ቆይቶ በመሆኑ፣ መድኃኒቱ ሥር ሳይሰድ መባዛቱን ይገታዋል። ቁስለኛው በፈቃዱ ይመረመራል፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ተብሎ ግን የመጀመሪያው መድኃኒት አይዘገይም። መድኃኒቱ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የተጋለጠውም ሰው በአደጋው ዕለት፣ ከ6 ሳምንት እና ከ3 ወር በኋላ ይመረመራል። እስከዚያው ድረስ ለጓዱም ቢሆን ደም አይሰጥም፤ ባለትዳር ከሆነም የትዳር አጋሩን ስለሚጠብቅበት መንገድ ከሐኪም ጋር ይመካከራል።

በውትድርና ሕይወት እነዚህ ሰዓታት በርቀትና በዝምታ ይባክናሉ። ሆስፒታሉ ሩቅ ስለሚሆን የመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒት ከግንባር የሕክምና ቡድን ጋር ሊኖር ይገባል። ከርቀቱ ይልቅ የሚከፋው ዝምታው ነው። ብዙዎች ቸልተኛ እንዳይባሉ ወይም በኃጢአት እንዳይጠረጠሩ ፈርተው ይደብቁታል። ነገር ግን ወንድሙን ሲያክም መርፌ ለወጋው ሰው መናገር ኑዛዜ አይደለም።

በዚህ ረገድ የንስሐ አባቶች ድርሻ ታላቅ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትም ሐኪምም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምረናል። ስለዚህ የተጨነቀ የንስሐ ልጅ ሲመጣ ጸሎት እያደረጉለት በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም እንዲልኩት፣ ምሥጢሩንም እንዲጠብቁለት አባቶቻችንን በትሕትና እናሳስባለን።