የእናቴ የክርስትና ስም

እናቴ ያረፈች ዕለት ቄሱ ፍትሐት ሊጀምሩ ሲሉ ወደ እኛ ዞር ብለው «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉን። አምስት ልጆች ነን፤ አምስታችንም ዝም አልን። የንስሐ አባቷ በዚያ ሰሞን አገራቸው ሄደው ነበር። ከኋላችን የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ «ወለተ ኪዳን» አለች።

ልጄ የምትተኛው ከአያቷ ጋር ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን በቃሏ ነው የምትደግመው። ደግማ ስትጨርስ ወደ ምሥራቅ ዞራ ቤተሰቡን በየስማችን ትጠራለች፤ ያውም በክርስትና ስማችን። መጀመሪያ ነፍሱን ይማረውና አባቴን፣ ቀጥሎ እኛን በየተራ፣ ከዚያ የልጅ ልጆቿን፣ በመጨረሻ ራሷን። ስሜን ዕድሜ ልኬን ማታ ማታ ስትጠራ እኔ የእሷን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ካህኑ ስም ያወጡላቸዋል። ወለተ፣ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ እያለ የሚጀምረው ስም ይህ ነው። ጸሎት የሚደረግልን፣ ስንሞትም ፍትሐት የሚደርስልን በዚሁ ስም ነው። በቀብሩ ዕለት ይጠራል፤ በሰልስቱ፣ በ40 ቀን ተዝካሩ፣ በሙት ዓመቱም እንዲሁ። ድሮ መተት እንዳይሠራበት እየተባለ ይደበቅ ስለነበር የቅርብ ዘመድ እንኳ ሳያውቀው ይቀራል። የእኛ ግን የመደበቅ ጉዳይ አልነበረም። ስላልጠየቅናት ነው።

ቀጨኔ መድኃኔዓለም የእናቴ ደብር ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች፤ እንቅልፋችንን እንዳትረብሽ። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ልጄን አስከትላ ፍልሰታን 16ቱንም ቀን ታስቀድሳለች። ቅዳሴ ወጥቶ ሲመለሱ ለሁለቱ የተቀቀለ ሽምብራ ይቀርባል፤ ልጄ ዛሬም ሽምብራ ስታይ አያቷን ታነሳለች።

ያረፈችው በወሩ 25 ነው። ከቀብር ተመልሰን ከራስጌዋ ነጠላዋን ሳነሳ ጫፉ ተቋጥሯል። ፈታሁት። ሁለት አሥር ብርና አንድ ቁራጭ ዕጣን። ለ27፣ ለመድኃኔዓለም ያዘጋጀችው ነው። በ27 እኔው ራሴ ወስጄ ሰጠሁላት፤ ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ዓመታት አልፈው ነበር።

በተዝካሯ ዕለት ቄሱ ስሟን ሲጠይቁ አምስታችንም እኩል መለስን። አሁን የሁላችንም የክርስትና ስም በወረቀት ተጽፎ ቤት ባለው ዳዊት ውስጥ ተቀምጧል፤ የጻፈችው ልጄ ናት።

እናት አባታችሁ በሕይወት ካሉ፣ የክርስትና ስማቸውን ዛሬ ማታ ጠይቋቸው።