የወረኢሉ ወፍጮና የምክር ቤቱ ጥያቄ

በ1888 ዓ. ም. መግቢያ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ተሰናድቶ እንዲገናኛቸው የቀጠሩበት ስፍራ ወረኢሉ ነበር። ያ ጦር ዐድዋ ላይ ያደረገውን ለአንባቢያችን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። በዚያ ዘመን መንግሥት ይጠራል፤ ሕዝብም ስንቁን ጭኖ ይመጣል። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ የወረኢሉ ሰው ከቀዬው ሳይነሣ፣ ድምፁን የሰጠው አንድ ሰው ስለ እርሱ ሆኖ አዲስ አበባ ይቀመጥለታል። የጥንቱ ዘማች ስንቅ እንዳስፈለገው ሁሉ የዛሬውም እንደራሴ ስንቅ ያስፈልገዋል። ስንቁም ሌላ አይደለም፤ የላኩት ሰዎች ችግር በዝርዝር ነው። ይህ ስንቅ ግን ብዙ ጊዜ ከምክር ቤቱ ደጃፍ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይፈስሳል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወረኢሉ፣ ወይም በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ ሰው ያን ደጋ አይረሳውም። ብርዱ፣ የበጉ መንጋ፣ በየመንደሩ ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ፣ በፀሐይ የሚደርቀው ኩበት ሁሉ ዓይን ውስጥ ይቀራል። የምክር ቤቱ ስብሰባ በቴሌቪዥን በሚተላለፍበት ቀን በወረኢሉ ሻይ ቤት ተቀምጠን ያዳመጥን ጊዜ፣ ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ በጨዋታ ላይ ነበር። «ናፍጣ» የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ ግን ጨዋታው ቀጥ አለ። ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ጆሯቸው እንደ ልብ አይሰማምና፣ አጠገባቸው ወዳለው ወጣት ዘንበል ብለው፣

«እኛን አነሡን?» ሲሉ ጠየቁት።

«አንሥተዋል አባባ።»

«በስም?»

«የለም አባባ፤ ‹በአንዳንድ አካባቢዎች› ነው ያሉት።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ ሌላ አገር ይሆናላ» አሉ። የሳቀ ሰው ነበር፤ እኛ ግን ለመሳቅ አልቻልንም። ምክንያቱን ኋላ እንናገራለን።

ሽማግሌው ስለ ናፍጣ የተጨነቁት መኪና ስላላቸው አይደለም። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ እህል የሚፈጨው በናፍጣ ሞተር ነው። እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ተራ ይጠብቃሉ፤ የማስፈጫውም ሒሳብ ከእህሉ ይልቅ የናፍጣውን ዋጋ ተከትሎ ይወጣል። መንግሥት የነዳጅን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት በጀመረበት በ2014 ዓ. ም. ክረምት የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ በጥር 2017 ዓ. ም. ያው አንድ ሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ናፍጣም እንደዚሁ ቤንዚኑን ተከተለው።

እርግጥ ነው፣ ድጎማው የተነሣበት ምክንያት ነበረው። ዕዳው በመንግሥት ትከሻ ላይ ተከምሯል፤ ርካሹም ነዳጅ በጠረፍ በኩል በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር፤ ከድጎማውም ይበልጥ የሚጠቀመው ባለ ብዙ መኪናው እንጂ ድኻው አልነበረም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ድኻው መኪና ባይኖረውም ወፍጮ አለው። ይህችን አንዲት ነጥብ በምክር ቤት ውስጥ ሊናገር የሚችለው ወፍጮውን የሚያውቅ እንደራሴ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ. ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለእንደራሴዎች ጥያቄ መልስ በሰጡበትና የ2018 ዓ. ም. የ1 ትሪሊዮን 930 ቢሊዮን ብር በጀት በጸደቀበት ስብሰባ፣ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ መጠናቀቁ ተነገረ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ይህ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ከመምህሩ የወር ደመወዝ እስከ ገበሬው በግ ድረስ የተዋጣለት ሥራ ስለ ሆነ ሁላችንም ኮርተንበታል። ነገር ግን ዐባይ ወደ ግድቡ ሲወርድ የሚያልፈው በቦረናና በወግዲ ግርጌ መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው እናት እንጀራዋን የምትጋግረው በኩበት ነው። ኩበቱ ወደ ምድጃ በገባ ቁጥር እርሻው ፍግ ያጣል፤ እርሻው ፍግ ባጣ ቁጥርም ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ ይገባል። አበው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። መብራት የደረሰበትም ከተማ ቢሆን፣ ከመስከረም 2017 ዓ. ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል የተወሰነው ታሪፍ የራሱ ሐሳብ አለበት።

ስለ ሥራም እንደዚሁ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ከፍቶ ማስተማሩ ለአካባቢው ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ዲግሪ ይዞ ወደ አባቱ ቤት ተመልሶ የሚቀመጠው ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይህን የምንጽፈው እኛም ቆባችንን ከደፋን ብዙ ዓመት ያልሞላን ስለ ሆንን፣ የዘመድ ወዳጅ «ሥራ ያዝህ ወይ?» እያለ ሲጠይቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ስለምናውቀው ነው። ሥራ ያገኘውም ቢሆን ደመወዙን ከገበያው ጋር ሲያስተያየው ይጨነቃል። ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ. ም. ምክር ቤቱ የገቢ ግብር አዋጁን ሲያሻሽል፣ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ወለሉ ከዚያም በላይ ከፍ እንዲል የተከራከሩ አባላት ነበሩ። ክርክሩ በድምፅ ብልጫ ቢያልቅም፣ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ የደሞዝ ወረቀቱን ሲያይ የዚያን ቀን ክርክር ያያል።

ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰውስ? የደቡብ ወሎ ልጆች፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፣ ወደ ዐረብ አገር መሄዳቸውን የማያውቅ የለም። በ2006 ዓ. ም. ጉዞው ታገደ። በ2008 ዓ. ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ 8ኛ ክፍል ላልጨረሰ ሰው ሕጋዊውን መንገድ ዘጋ፤ አዋጁ በ2013 ዓ. ም. ተሻሽሏል። የሕጉ ሐሳብ መልካም ነበር፤ ያልተማረች ልጅ በሰው አገር እንዳትበደል ነው። ይሁን እንጂ ከ8ኛ ክፍል በፊት ትምህርቷን በድህነት ያቋረጠች የገጠር ልጅ ሕጉን አንብባ ቤቷ አትቀመጥም፤ በደላላ እጅ ወድቃ በበረሃና በባሕር ትሄዳለች። አዲስ አበባ ላይ በአዋጅ የገባች አንዲት ቍጥር ደጋ ላይ የአንዲትን ልጅ መንገድ ታጣምማለች ማለት ነው።

እንግዲህ ነገራችን ሁሉ ወደ አንድ ይመጣል። «እንደራሴ» የሚለውን ቃል ፈታ አድርገን ብንመለከተው «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ ራሴ ብሆን እንደምናገረው የሚናገርልኝ። በ1924 ዓ. ም. ምክር ቤት ሲከፈት እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንትና ባላባቶች ነበሩ። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምርጫን ለሕዝብ ሰጠ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ. ም. ተደረገ። ሆኖም ንብረት የሌለው ሰው መወዳደር አይችልም ነበርና፣ ጭሰኛውን የሚመለከተው ሕግ ባለ መሬቶች በበዙበት ምክር ቤት ሳይጸድቅ ዘመኑ አለፈ። በ1965 ዓ. ም. ወሎ ሲራብም በአዲስ አበባ ምክር ቤት ነበረ። ነገር ግን ረሀቡ እንዲሸፋፈን ተደርጎ ስለ ነበር፣ ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆኑ፤ ዓለምም የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ. ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። የወሎ ሰው በዝምታ ምን ያህል እንደ ከፈለ ያውቃል።

ዛሬ ሕጉ ሰፊ ነው። በ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን የፌዴራል ባለ ሥልጣኖች ጠርቶ ሊጠይቅ፣ አሠራራቸውንም ሊመረምር ይችላል። አንቀጽ 54 እንደራሴው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዥ ነው ይላል። ጉባኤውም ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ አንሥቶ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ የጐደለው ሥልጣንም ጊዜም አይደለም፤ የጐደለው ስንቅ ነው። ጥያቄው በጅምላ ከቀረበ መልሱም በጅምላ ይሆናል። «በአንዳንድ አካባቢዎች የኃይል እጥረት አለ» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «በሁሉም አካባቢዎች እየተሠራ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ወገን አልዋሸም፤ ወፍጮው ግን እንደ ቆመ ነው።

አሁን በሻይ ቤቱ ያልሳቅንበትን ምክንያት እንናገር። ትምህርታችንን እንደ ጨረስን ለጥቂት ወራት በአንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት የማጠቃለል ሥራ ይዘን ነበር። ከአንድ ወረዳ የመጣ ደብዳቤ የቀበሌውን ስም፣ የቆሙትን ወፍጮዎች ቍጥር፣ እናቶች ለማስፈጨት በእግር የሚሄዱትን ሰዓት ጭምር ይዘረዝራል። እኛ ደግሞ የብዙ ወረዳዎችን ነገር በአንድ ገጽ እንድናሳጥር ታዝዘን ነበርና፣ ያን ሁሉ አጥፍተን «በአንዳንድ አካባቢዎች የኃይል አቅርቦት ችግር ታይቷል» ብለን ጻፍን። አለቃችን አመሰገነን፤ እኛም ደስ አለን። ሽማግሌው «ሌላ አገር ይሆናላ» ሲሉ የሰማን ጊዜ ግን ያን ስንቅ ያፈሰስነው እኛው መሆናችን ትዝ አለን። ወፍጮዋን ከሪፖርቱ ያወጣናት ሚኒስትር አይደለም፣ እንደራሴም አይደለም፤ ብዕር የያዘ አንድ ወጣት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ዛሬ ወይም ነገ ያው ብዕር በእጃቸው ይገባል። ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናቸዋለን። አንደኛው፣ ጥያቄን ወደ ባለቤቱ መምራት ነው። የነዳጅ ዋጋ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ዩኒቨርሲቲ የፌዴራሉ ምክር ቤት ጉዳይ ናቸው፤ የወረዳ በጀት፣ የጤና ጣቢያና የትምህርት ቤት ነገር ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፤ የገበያ ቦታና የቀበሌ መንገድ ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት ነው። ጥያቄው ደጁን ከሳተ ሲንከራተት ይኖራል። ሁለተኛው፣ ቍጥርና ስም አለማጥፋት ነው። በዚህ ወረዳ በናፍጣ የሚሠሩ ወፍጮዎች ስንት ናቸው? በወር ስንት በርሜል ይፈልጋሉ? ስንቱ ደረሰ? ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ስንት ቀን ተዘጋ? ከቆመው ወፍጮ እስከ ቅርቡ የመብራት ምሰሶ ስንት ሜትር ነው? በዚህ ዓመት ተመርቀው ሥራ ያላገኙት ልጆች ስንት ናቸው፣ የተማሩትስ ምን ነበር? እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሚኒስትር ወይ በቍጥር ይመልሳል፣ ወይም አለማወቁ በአገር ፊት ይታወቃል።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። እኛ ደግሞ ዘርዝረው ካልተናገሩ ወፍጮም ይቀራል እንላለን። የቀድሞው ዘማች ወረኢሉ ላይ ሲከት ስንቁን የሰነቀችለት የቤቱ እመቤት እህሉን በድንጋይ ወፍጮ ፈጭታ ነበር። የልጅ ልጇ የላከችው እንደራሴ እንዲናገርላት የምትፈልገው ወደዚያ ወፍጮ እንዳትመለስ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሽማግሌው «በስም አነሡን?» ብለው ሲጠይቁ፣ ያ ወጣት «አዎን አባባ፣ በስም» ብሎ እንዲመልስላቸው እኛ ብዕረኞቹ ስንቁን ሳናፈስስ እናድርስ።