ሁልጊዜ «ምች» ላይሆን ይችላል


በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ አንዲት ወጣት አጨዳ ውላ ፊቷ ሽፍ ብሎ ብትመለስ ቤተሰቡ «ምች መትቷታል» ይላል። ዳማከሴ ይታሽላታል፤ ብዙ ጊዜም በቀናት ውስጥ ይለቃታል። ሽፍታው ግን ፀሐይ ባገኛት ቁጥር የሚመለስ፣ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ በአፍንጫዋ ላይ የተዘረጋ ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋትም የእጇ አንጓዎች አብጠው ሊጥ ማቡካት ካቃታት ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሉፐስ የሚሉት በሽታ አለ።

ሉፐስ የሚመጣው ከተዋህስያን የሚጠብቀን የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን አካል ሲያጠቃ ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምንና ኩላሊትን ይጎዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ የታመመችን እህት ከማዕድ መለየት አያስፈልግም። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ።

በአሜሪካ ከጆርጂያና ከሚቺጋን ግዛቶች በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ሉፐስ በጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮቹ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል፤ በለጋ ዕድሜ ይጀምራል፤ ኩላሊትንም አብዝቶ ይነካል። ይህን የሰማ «የጥቁር ደም ዕጣ ነው» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እዚያ የጥቁሮችን ኩላሊት ያደክማሉ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ አፖኤል 1 በሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ በምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ዘንድ በብዛት ይገኛል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ግን በመረመራቸው ኢትዮጵያውያን ላይ አላገኘውም። «ጥቁር» የሚለው አንድ ቃል ስንቱን የተለያየ ሕዝብ እንደሚሸፍን ልብ በሉ! የቀረው ልዩነት በከፊል ከድህነት፣ ከሐኪም መራቅና ዘግይቶ ከመታወቅ የሚመጣ ነው፤ ይህኛው ደግሞ እኛንም በደንብ ይመለከተናል። ለብዙ ዓመታት ሉፐስ በአፍሪካ ብርቅ ነው ሲባል ኖሯል። ያልተመረመረ በሽታ የሌለ ይመስላል።

ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ቆዳችን ነው። በብዙ የሕክምና መጻሕፍት ላይ የሚታየው ሽፍታ በነጭ ፊት ላይ ያለ ቀይ ቢራቢሮ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ፊት ላይ ግን ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ይሆናል። ሲቆይ መሃሉ ነጥቶ ዳሩ ጠቁሮ ለምጽ ሊመስል ይችላል።

ሌላው ከፍታው ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ አያታልላችሁ። ሂጃብ አንገትንና ጸጉርን ይሸፍናል፤ ፊት ግን ጃንጥላ ይፈልጋል።

ዋናው ጭንቀት ኩላሊት ነው፤ ሲጎዳ አያምምምና። ሽንት አረፋ ካበዛ፣ ጠዋት የዓይን ቆብ ወይም ማታ እግር ካበጠ፣ የደም ግፊት ከጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም። ጤና ጣቢያ ሽንት ውስጥ በሚነከር ወረቀት ፕሮቲን መኖሩን በደቂቃዎች መለየት ይቻላል። «ምርመራው ይደረግልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከተገኘ ወደ ደብረ ታቦር፣ ካስፈለገም ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የሚያልፍ ወረቀት ይጻፋል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ ግን ይበልጥ ይረዝማል። ንቅለ ተከላ እንኳ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። እስከዚያው ለመገጣጠሚያ ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመግዛት ተጠንቀቁ፤ የተጎዳን ኩላሊት ይብስ ይጎዳሉ። ወጥ ላይም ጨው ይቀነስ።

ከመድኃኒቶቹ ዋናው ሃይድሮክሲክሎሮኪን የቆላ ሰው ለወባ የሚያውቀው የክሎሮኪን ዘመድ ነው። በእርግዝናም ይወሰዳል፤ ዓይን ግን በየጊዜው መታየት አለበት።

ስለ ረመዳንም ትጠይቁ ይሆናል። ለታመመ ሰው ጾምን ለሌላ ጊዜ ማቆየት የተፈቀደ ነው፤ ኩላሊቷ የተነካ እህት ከመጾሟ በፊት ሐኪሟን ታማክር። በሽታው ረግቶላት ከተፈቀደላት ሃይድሮክሲክሎሮኪኑን ከኢፍጣር ምግብ ጋር ልትወስደው ትችላለች። ፕሬድኒሶሎን የምትወስድ ከሆነ ግን በጾም ምክንያት በራሷ ፈቃድ ድንገት አታቋርጠው፤ አደገኛ ነው።