የቲቢ ባክቴሪያ በማክሮፌጅ ውስጥ

የቲቢ ባክቴሪያ (ማይኮባክቴሪየም ቱበርክሎሲስ) የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣ፣ በሰው ሕዋስ ውስጥ መኖርና መራባት የሚችል ባክቴሪያ ነው። ዋና መኖሪያው ማክሮፌጅ ነው፤ ማክሮፌጅ ደግሞ ባክቴሪያዎችን እየዋጠ የሚገድል የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት ነው። የቲቢ ሕክምና ወራት የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይህ የአኗኗር ዘዴ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው ማርች 24 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዕለቱ አሁን የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

የማክሮፌጅ ሥራ

ማክሮፌጅ ባክቴሪያ ሲያገኝ በሽፋኑ ከቦ ይውጠዋል። የተዋጠው ባክቴሪያ ፋጎዞም በሚባል ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይታሰራል። የከረጢቱ አሲድነት እየጨመረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ፈጪ ኢንዛይሞችን ከያዘው ላይሶዞም ጋር ይዋሃዳል። ፒኤቹ ወደ 5 ገደማ ስለሚወርድና ኢንዛይሞቹ ሥራ ስለሚጀምሩ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በዚህ ይሞታሉ።

ባክቴሪያው የሚያመልጥባቸው መንገዶች

የቲቢ ባክቴሪያ ታማሚው ሲያስል በአየር ከሚበተኑ ጥቃቅን ጠብታዎች ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ያሉ ማክሮፌጆችም ይውጡታል፤ ነገር ግን የመግደሉ ሂደት መሐል ላይ ይቆማል።

ውህደትን ማገድ፦ ሕያው ባክቴሪያ የያዙ ፋጎዞሞች ከላይሶዞም ጋር እንደማይዋሃዱ አርምስትሮንግና ሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። ለውህደቱ በፋጎዞሙ ገጽ ላይ ምልክት የሚሆን የቅባት ሞለኪውል ያስፈልጋል። የባክቴሪያው ግድግዳ ክፍል የሆነው ላይፖአራቢኖማናን ምልክቱ እንዳይሠራ ያግዳል፤ ሳፕኤም የተባለው ኢንዛይሙ ደግሞ የተሠራውን ያፈርሳል። ስለዚህ የከረጢቱ ፒኤች ከ6 በላይ እንደሆነ ይቆያል።

መርዝን መቋቋም፦ ሰም መሰሉ ወፍራም ግድግዳው ይከላከልለታል። ማክሮፌጁ የሚያመነጫቸውን የኦክስጅን መርዞች የሚያመክኑ ኢንዛይሞችም አሉት።

ከረጢቱን መብሳት፦ ኢኤስኤክስ-1 በሚባለው ሥርዓት የሚያወጣቸው ፕሮቲኖች የፋጎዞሙን ሽፋን ይጎዳሉ።

የሕዋሱን አሟሟት መቀየር፦ የተበከለ ሕዋስ ባክቴሪያውን ይዞ በሥርዓት ራሱን ቢያጠፋ ለሰውነት ይጠቅማል። ባክቴሪያው ግን ይህን አዘግይቶ ሕዋሱ ፈንድቶ እንዲሞት ያደርጋል፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ሕዋሳት ይዛመታል።

ግራኑሎማና ድብቅ ቲቢ

ቲ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ሲያመነጩ ማክሮፌጆቹ ይበረታሉ፤ ባክቴሪያው ያለበትን ቦታም ከብበው ግራኑሎማ የሚባል እብጠት ይሠራሉ። ባክቴሪያው በዚያ ውስጥ ሳይሞት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ድብቅ ቲቢ የሚባለው ይህ ሲሆን፣ ሰውየው የሕመም ምልክት አይታይበትም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በባክቴሪያው ተይዞ ያውቃል፤ ከተያዙት ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። ኤች አይ ቪ ቲ ሕዋሳትን ስለሚያጠፋ ከበባው ይላላል፤ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች በቲቢ የመታመም ዕድላቸው ከፍተኛ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለሕክምናና ለክትባት ያለው ትርጉም

ባክቴሪያው ለመከፋፈል 20 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አንዳንዱም ከናካቴው መራባት አቁሞ ይቆያል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሚበረቱት በሚራባ ባክቴሪያ ላይ ስለሆነ፣ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ይሰጣሉ፤ በቀሩት 4 ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይቀጥላሉ። ፒራዚናማይድ በተለይ አሲድ ባለበት ቦታ ይሠራል።

በ1921 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠውና በኢትዮጵያም ሕፃናት ሲወለዱ የሚከተቡት ቢሲጂ፣ ከከብት ቲቢ ባክቴሪያ የተዳከመ ዝርያ ነው። ከተዳከመባቸው ምክንያቶች አንዱ የኢኤስኤክስ-1 ጂኖቹ በከፊል መጥፋታቸው ነው።

ታማሚው መድኃኒት ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሉና ትኩሳቱ ሊተወው ይችላል። ይህ ግን በሕዋሳት ውስጥ የተሸሸጉት ባክቴሪያዎች ማለቃቸውን አያሳይም። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ከተቋረጠ የተረፉት ተራብተው በሽታው ሊያገረሽና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊፈጠር ይችላል።