ስለ መንጠቆ አንገት



በማቴዎስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጴጥሮስ ወደ ባሕር ሄዶ መንጠቆ እንዲጥል፥ መጀመሪያ ከሚወጣውም ዓሣ አፍ ውስጥ ለግብር የሚከፈለውን ገንዘብ እንዲያገኝ መታዘዙ ተጽፎ ይገኛል። ስለ መንጠቆው ተነገረ፤ መንጠቆው ስለ ታሰረበት ክር ግን በዚያ የተነገረ ነገር የለም። እኛም ይህን ምዕራፍ በልጅነታችን ስንማር ክሩን ከቁም ነገር አልቈጠርነውም ነበር። ዳሩ ግን ዓሣ አጥማጁን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የመንጠቆው መደነዝ ሳይሆን የክሩ መበጠስ መሆኑን በገዛ ቤተ ሰባችን ከደረሰው ነገር ስለ ተረዳን፥ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ይህን ጽፈናል።

የምንኖርባት ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በራያ ቆላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሩ የማሽላና የጤፍ፥ የከብትም አገር ነው እንጂ የዓሣ አገር አይደለም። እነ ጎሊና በክረምት ከደጋ ሲወርዱ ድንጋይ እያንከባለሉ ይመጣሉ፤ በበጋ ግን ውኃቸው ይሳሳል። ስለዚህ ከቆቦ ሰው መንጠቆ መጣል የሚወድ ቢኖር በወልድያ በኩል አልፎ፥ ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ወደ ሐይቅ ይወርዳል።

የታላቅ እህታችንን ልጅ መንጠቆ መጣል ያስተማርነው በዚሁ በሐይቅ ዳር ነው። ያን ጊዜ የነገርነው ምክር አንድ ነበር፤ ይኸውም ክሩ በቀጠነ መጠን ዓሣው አይጠረጥርምና ቀጭኑን ናይሎን ከመንጠቆው ጋራ በቀጥታ እሰር የሚል ነው። ምክሩም ለቆሮሶ ሠራ። ልጁ በዚህ ምክር አደገ፤ ከትምህርቱም በኋላ በአርባ ምንጭ ሥራ አግኝቶ በጫሞ ሐይቅ ማጥመድ ጀመረ።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት በዓል ወደ ቆቦ ሲመጣ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ አየነው።

«ጋሼ፥ እርስዎ እንዳስተማሩኝ በቀጭን ክር አሰርሁ» አለን። «በአንድ ማለዳ አራት መንጠቆ ሄደብኝ። ክሩ ተጐትቶ የተበጠሰ አይመስልም፤ በመቀስ እንደ ተቈረጠ ነው።»

«ጣትህስ ምን ሆነ?» አልነው።

«አምስተኛው ወጣልኝ። መንጠቆውን አወልቃለሁ ብዬ እጄን አፉ ውስጥ ከተትሁ።»

እናቱ ይህን ስትሰማ ከእንግዲህ ወዲህ ወደዚያ ውኃ እንዳይሄድ ከለከለችው፤ ወደ እኛም ዘወር ብላ «ያስተማርኸው አንተ ነህ» አለችን። መልስ አልነበረንም። በችሎት ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነንና በአንዱ ክርክር የተሰማ ምስክር ለሌላው ክርክር እንደማይበቃ እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን የሐይቅን ሕግ ለውኃ ሁሉ ሕግ አድርገን ለልጁ ሰጥተነው ነበር። በደሉ የእኛ ስለ ሆነ ነገሩን መርምረን ለማቃናት ተነሣን።

የዓሣው አፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ቆሮሶ በአብዛኛው የውኃ አረንጓዴ የሚለቅም ባለ ትንሽ አፍ ስለ ሆነ ክር አይቈርጥም። አምባዛ ደግሞ መንጋጋው እንደ ሞረድ በጥቃቅን ጥርስ የተሞላ ነው፤ ክሩን ባይቈርጠውም እየፋቀ ያሳሳዋል። በጫሞ ያለው ናይል ፐርች እጅግ ግዙፍ ይሆናል፤ የእርሱም ጥርስ እንደ ሞረድ ነው፥ የስንጥቡ ክዳን ግን ስለታም ነው። በጫሞ፥ በኦሞና በባሮ የሚገኘው፥ ፈረንጆች የነብር ዓሣ የሚሉት ግን ከሁሉ ይለያል። ጥርሱ እንደ ጦር የሾለ፥ የላዩና የታቹ እርስ በርሱ የሚገጣጠም፥ አፉን በዘጋ ጊዜ እንኳ በውጭ የሚታይ ነው። የልጃችንን አራት መንጠቆ የወሰደው ይህ ነው።

በሰሜን አሜሪካም መስኪ የሚባል ባለ ረጅም አፍና ባለ ስለት ጥርስ ዓሣ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. በዊስኮንሲን የተያዘው 30 ኪሎግራም ያህል መዝኖ እንደ ነበረ ተመዝግቧል። አጥማጆቹ አሥር ሺህ ጊዜ መንጠቆ የሚጣልለት ዓሣ እያሉ ይጠሩታል። ይህን ያህል የተደከመበት ዓሣ በመጨረሻ ክር ቈርጦ እንዳይሄድ፥ በዋናው ክርና በመንጠቆው መካከል ጥርስ የሚችል ቍራጭ ያስገባሉ። እኛም ይህን ቍራጭ የመንጠቆ አንገት ብለነዋል።

አንገቱ ከምን ይሠራ ቢባል፥ ምርጫው እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያው ናይሎን ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሮዘርስ በተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ የተገኘ ሲሆን፥ ወፈር ያለው ለአምባዛና ለናይል ፐርች ይበቃል። ስለት ላለው ጥርስ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ፍሎሮካርቦን ነው። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ሲሆን የውኃው 1.33፥ የናይሎኑም ከ1.5 በላይ ስለ ሆነ፥ በውኃ ውስጥ ከናይሎን ይልቅ ለዓይን ይሰወራል። መፋቅንም ይችላል። የመስኪ አጥማጆች ከ36 እስከ 59 ኪሎግራም የሚሸከመውን ወፍራም ይመርጣሉ፤ ቀጭኑ ግን ከጥርስ አያመልጥም።

ሦስተኛው የብረት ሽቦ ነው። ነጠላው ሽቦ ቀጭንና ጠንካራ ነው፥ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከታጠፈ በታጠፈበት ይሰበራል። ሰባት ቀጫጭን ሽቦዎች አብረው የተገመዱበት ግን ይለዝባል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ በዓይን ይታያል። ሆኖም ከሰባቱ አንዱ ተበጥሶ የወጣ እንደ ሆነ ቍራጩን መጣል ይገባል።

አራተኛው የቲታኒየም ሽቦ ነው፤ ቢታጠፍም ወደ ነበረበት ይመለሳል፥ ዝገትም አይነካውም፤ ዋጋው ግን ከብረቱ ይበልጣል።

እንግዲህ ሁልጊዜ ሽቦ ብንይዝ ምን ይጎዳል የሚል ይኖር ይሆናል። ሽቦ በጠራ ውኃ ጐልቶ ይታያል፥ ምግቡም እንደ ሕያው እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል። ስለዚህ ለቆሮሶ አንገት አያስፈልግም፥ ለአምባዛና ለናይል ፐርች ወፍራም ናይሎን ወይም ፍሎሮካርቦን፥ ለነብር ዓሣ ሽቦ ነው። ርዝመቱም ከአንድ ስንዝር ተኩል ቢያንስ ዓሣው መንጠቆውን ጠልቆ ሲውጥ ጥርሱ ወደ ዋናው ክር ይደርሳል። የተገመደው ሽቦ በቋጠሮ ብቻ አይታመንም፤ ጫፉን በትንሽ የብረት ቱቦ አሳልፎ፥ አጥፎና መልሶ በፒንሳ አጥብቆ መጭመቅ ነው። ውኃ ውስጥ ከመጣሉም በፊት በእጅ ስቦ መፈተን ይገባል።

ይህም የሚደረገው ዓሣውን ላለማጣት ብቻ አይደለም። ክሩን ቈርጦ የሄደ ዓሣ መንጠቆውን በጉሮሮው ይዞ ይሄዳልና ለሰው ሳይጠቅም በሥቃይ ሊሞት ይችላል።

ይህን ሁሉ ለልጁ በጽሑፍ ሰጠነው። እናቱም ቃሉን ሦስት ነገር አስገብታ ፈቀደችለት፤ እጁን በዓሣ አፍ እንዳይከት፥ መንጠቆውን በረጅም ፒንሳ እንዲያወልቅ፥ በጫሞ አዞና ጉማሬ አለና ከውኃው ዳር ብቻውን እንዳይቆም። ከፋሲካም በኋላ ወሬ ላከ፤ በተገመደ ሽቦ ሁለት የነብር ዓሣ አውጥቶ አንድም መንጠቆ አልጠፋበትም። እህታችን ግን ስለ ዓሣው አንዲት ቃል ሳትናገር፥ ጣቶቹ ሁሉ ደኅና መሆናቸውን ደጋግማ ጠየቀች።

ልጆቻችሁን የምታስተምሩ ወላጆችና ዘመዶች ሆይ፥ ምክራችሁ በየትኛው ውኃ እንደ ተፈተነ አብራችሁ ንገሯቸው። ልጁ ነገ ወደ ሌላ ውኃ መሄዱ አይቀርምና።