የርዝመት ገደብና የነዳጅ ፍጆታ፦ የአላስካ የሳልሞን ማጥመጃ ጀልባዎች ንድፍ

በአላስካ ሳልሞን ዓሣን በከበባ መረብ የሚያጠምድ ጀልባ ርዝመቱ ከ58 ጫማ፣ ማለትም ከ17.7 ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ ገደቡ 32 ጫማ ብቻ ነው፤ በዚያ እስከ እ.ኤ.አ. 1951 ድረስ በሞተር ማጥመድ ስለማይፈቀድ ሥራው የሚከናወነው በሸራ ጀልባ ነበር። የድንጋጌዎቹ ዓላማ የማጥመድ ዐቅምን መግታት ነው። ለጀልባ ነዳፊው ግን ከባድ ችግር ፈጥረውበታል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ርዝመት ነውና።

ምክንያቱ ከማዕበል ጋር የተያያዘ ነው። በውኃ ላይ የሚሄድ ጀልባ ከአፍንጫው ማዕበል ያስነሣል። ፍጥነቱ ሲጨምር ከአንዱ የማዕበል ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀትም ይረዝማል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ጀልባ ይህ ርቀት 16 ሜትር ያህል ነው። የ58 ጫማው ጀልባ በውኃው ወለል ላይ የሚይዘው ርዝመትም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በዚህ ፍጥነት ጀልባው ራሱ ባስነሣቸው ሁለት የማዕበል ጫፎች መካከል ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ለመፍጠን የፊተኛውን ማዕበል እንደ ዳገት መውጣት ይኖርበታል። የሚጨመረው የሞተር ኃይል በአብዛኛው ማዕበሉን ያሳድጋል እንጂ ጀልባውን አያፈጥነውም። እጥፍ ርዝመት ያለው ጀልባ ወደዚህ ወሰን የሚደርሰው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ነው።

ርዝመት የተከለከለ ባለጀልባ ወርድንና ጥልቀትን ይጨምራል። የዘመኑ 58 ጫማ ጀልባዎች አንዳንዶቹ ከ7 ሜትር በላይ ይሰፋሉ፤ በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ የሚሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ስፋታቸው የርዝመታቸውን ግማሽ ይጠጋል። ሰፊ ጀልባ በቀላሉ አይገለበጥም፣ ዓሣ በቀዘቀዘ የባሕር ውኃ የሚቀመጥበትን ጋንም በሰፊው ይይዛል። በአንጻሩ ብዙ ውኃ ገፍቶ መሄድ ስላለበት ናፍጣ ይበላል። ሕጉ ርዝመትን እንጂ የጭነት መጠንን ስለማይለካ፣ ሊገታው ያሰበው ዐቅም በጎን በኩል ገብቷል ማለት ይቻላል።

ነዳፊዎች ከሚሞክሯቸው መፍትሔዎች አንዱ ከአፍንጫው ሥር፣ ከውኃው ወለል በታች የሚሠራ አምፖል መሰል እብጠት ነው። ሐሳቡን ቀድሞ በሥራ ላይ ያዋለው በአሜሪካ ባሕር ኃይል ዴቪድ ቴይለር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ውኃ ላይ የወረደችው የጦር መርከብ ዴላዌር ይህን ቅርጽ ይዛ ነበር። እብጠቱ የራሱን ማዕበል ያስነሣል፤ የዚህ ማዕበል ጎድጓዳ ከአፍንጫው ማዕበል ጫፍ ጋር ሲገጥም ሁለቱ በከፊል ይጣፋሉ። ይህ የሚሆነው ግን እብጠቱ በተነደፈበት ፍጥነትና ጥልቀት አካባቢ ነው። የሳልሞን ጀልባ ባዶውን ወጥቶ በብዙ ቶን የሚቆጠር ዓሣ ጭኖ ይመለሳል። ሲሄድ ወደ ወለሉ የሚጠጋው እብጠት ሲመለስ በጥልቅ ይሰጥማል፤ ነዳፊው ከሁለቱ ጉዞዎች አንዱን ማስቀደም ወይም ሁለቱንም በከፊል መርዳት አለበት። ቀስ ብሎ የሚዞር ትልቅ ፕሮፔለርም ከትንሹና ፈጣኑ ይሻላል፤ መጠኑን የሚወስነው ከጀልባው ሥር ያለው ቦታ ነው።

ምንም ወጪ የማይጠይቀው መፍትሔ ዝግታ ነው። የሚያስፈልገው ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ከ18 ወደ 16 ኪሎ ሜትር የቀነሰ ጀልባ ለዚያው መንገድ ከነዳጁ አንድ አምስተኛውን ይቆጥባል። ሆኖም ማጥመድ የሚፈቀድባቸው ሰዓታት በተቆጠሩበት ወቅት ከሌሎች ቀድሞ መድረስ ገቢን ስለሚወስን፣ ይህን ምክር የሚቀበል ካፒቴን ማግኘት ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 አላስካ የአጥማጆችን ቁጥር በፈቃድ የሚወስን ሕግ አውጥታለች። ቁጥሩ ከተወሰነ በኋላ የርዝመት ገደቡ እንደ ቀድሞው ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ገደቡ ቢነሣ ግን ረጅም ጀልባ ለማሠራት ገንዘብ ያለው ይቀድማል፤ ዛሬ ባለ 58 ጫማ ጀልባ ያለው አነስተኛ አጥማጅም ዕዳ ውስጥ ገብቶ ለመከተል ወይም ፈቃዱን ለመሸጥ ይገደዳል።